ከቦዬ የመጣ ጡብ

መብራት በጠፋ ማታ፣ ቆጪ፣ ከጓሮው ቤት፣
ኤፍራታ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ክብ ሠራችበት።
ጎረቤቴ ናት፣ ተማሪ፤ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው ድንበራችን፤
ስታስል እሰማታለሁ፣ ሳስል ትሰማኛለች፤ ያ ነው ሰላምታችን።

«ባሕር ማዶ» አለችኝ፣ «ዊካ የሚባል እምነት አለ፤
ጠንቋይ ነን ቢሉም ቅሉ፣ ጉዳት በሕጋቸው የለ።
ጨረቃ ስትሞላ ክብ ሠርተው ማዕዘኖቹን ይጠራሉ፤
ምድርን ከሰሜን፣ ነፋስን ከምሥራቅ፣ ‹ኑ፣ ቁሙልን› ይላሉ።»

እምነቷ አይደለም። አንብባ ነው።
መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ጠፍቶ ነው።

በምሥራቅ ላባ፤ ከቦዬ ረግረግ ያነሣችው፤
ነፋስ ነው፤ ያልተነገረ ሐሳብ ነው፣ የሰው።
በደቡብ ግማሽ ሻማ፤ እሳት፤ ፈቃድ፤ የልብ ቁርጡ፤
በምዕራብ የላስቲክ ክዳን ሙሉ ውሃ፤ ፍቅር ነው ውስጡ።

«ሰሜን ቀረኝ» አለች፤ «አፈር ከየት ይምጣ በዚህ ጨለማ?»
ሳቅኩ። ጥፍሬን አሳየኋት።
ሰባት ዓመት ጡብ የሠራ ሰው አፈር ጠፋ ሲባል ሲሰማ!
የሱሪዬን እጥፋት ገልብጬ አራገፍኩላት፤
አንድ ጭብጥ ሞላ።

«ምድር ጽናት ናት» አለች፤ «አካል ናት።»
እኔ የቄስ ትምህርት ቤቱን አስታወስኩ፤
«ከአራቱ ባሕርያት ነህ» ያሉኝን መምህር፣
«ሲጣሉ ትታመማለህ፣ ሲለያዩ ትሞታለህ»፣
በዚያ ቀጭን አርጩሜ ሥር።

እኛ ቦዬ ዳር አንጠራቸውም። ሳይጠሩ ነው የሚመጡ።
አዌቱ የከተማውን ጉድፍ ተሸክሞ ወደኛ ይወርዳል፤
ጭቃውን በእግራችን ረግጠን በእንጨት ቅርጽ የጣልነውን
ነፋሱ በሣር ክዳን ሥር ያደርቃል፤ ከቸኮለ ይሰነጥቃል፤
ምድጃው አምስት ቀን፣ አምስት ሌሊት ባሕር ዛፍ ይበላል፤
ካልጠገበ ጡቡ ጥሬ ነው፤ ከጠገበም ጠቁሮ ይቀልጣል።

ውሃ ፍቅር መሆኑን አላውቅም።
በአንድ የሐምሌ ሌሊት ስድስት ሺህ ጡብ
መልሶ ጭቃ ሲያደርግ አይቻለሁ።
ተማም አባ ፊጣ፣ ባለ ምድጃው፣ ጫማውን አውልቆ ቆመ።
አልተሳደበም።
«ከረግረጉ ነበር፤ ለረግረጉ» አለ፤ ከዚያ ሄደ።

ነዚፍ ግን ይስቅ ነበር። ነዚፍ፣ የሠራው ጡብ ሁሉ ጥግ ላይ
አውራ ጣቱን የሚጫን፤ እርጥብ ሳለ፤ አለቃ ሳያይ።
«ምን ልታደርግ?» ስለው፣ «እኔ ፊርማ አልችልም፤
ከተማው በኔ ጣት ሲቆም ግን፣ ከንቲባው አያውቅም።»

ባለፈው ክረምት የአፈር ጉድጓዱ ተናደበት።
ምድር ጽናት ናት፤ እሺ። ጽናቷን ያን ዕለት አየሁት፤
በአካፋ፣ በእጅ፣ በጥፍር፣ እስከ አሥር ሰዓት።
አልለቀቀችም።

«መሃሉስ?» አልኳት ኤፍራታን። «የክቡ መሃል ባዶ ነው።»
«አምስተኛው» አለች፤ «መንፈስ። እሱ ዕቃ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው።»

ተነሣሁ። ከአልጋዬ ሥር አንድ ጡብ አመጣሁ፣
በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ ለማንም ያላወጣሁ።
«ይህን የት ታደርጊዋለሽ? ጭቃ ነበር፤ ውሃ ጠጥቷል፤
ነፋስ አይቷል፤ እሳት አድሮበታል።»

በጠመኔው ጫፍ ሰሜንን ነካች። ደቡብን። ቆማ ቀረች።
ከዚያ አውራ ጣቷን በነዚፍ ጣት ውስጥ አኖረች።
ሰፋት።

መብራት መጣ። ሰፈሩ «እፎይ» አለ፤ የሰው ቴሌቪዥን ጮኸ።
ሻማዋን እፍ አለች፤ ክቡን በነጠላ ጫማዋ አበሰች፤
ነፋሱ በሩን ሊያላትም ሲታገል
ጡቡን ገፍታ ደፉ ላይ አስደገፈች።

ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ ሲመጣ ሲሄድ ሰማሁት፣ በስሱ ድንበራችን በኩል።
በሩ አልተንቀሳቀሰም።